ቆማ የከረመች አሮጌ ሞተር ሳይክል፦ ልግዛት ወይስ ልተዋት?

ሸራውን ስገልጠው መጀመሪያ ዓይኔ የገባው ዝገቱ አልነበረም። የጎን ክዳኖቿ ሁለቱም አሉ። የቤንዚን ታንክ ዓርማዎቿ በቦታቸው ናቸው። የኋላ መብራቷ አልተሰበረም። ቁልፏም እዚያው እንደተሰካ ቀርቷል። ሆንዳ ሲቢ350 ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1971 የተሠራች። አሥራ አንድ ዓመት መጋዘን ጥግ ቆማለች። የእግር ማስነሻውን በእጄ ተጫንኩት፤ ንቅንቅ አላለም። ሞተሩ ተጣብቋል።

አብሮኝ የመጣው ወንድሜ "ይቺማ አልቆላታል፣ ባክህ እንሂድ" አለኝ። በሳምንቱ ተመልሼ ገዛኋት። ዛሬ ትነዳለች።

ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብዬ የገዛኋት ያማሃ ኤክስቲ500 ግን ገና ከሩቅ ታብለጨልጭ ነበር። ቀለሟ አዲስ ነው። በሁለተኛው ምት ተነሳች። ድምጿ ልብ ይሰርቃል። ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ሳልነዳት ሞተሯ ተበላ። ምክንያቱን ዝቅ ብዬ እነግራችኋለሁ።

ከሁለቱ ያገኘሁት ትምህርት አንድ ነው። የተበላሸ ነገር ይጠገናል። የጎደለ ነገር ግን ይፈለጋል፤ ፍለጋው ደግሞ መቼ እንደሚያልቅ አይታወቅም። ስለዚህ አሮጌ ሞተር ሳይክል ፊት ስትቆሙ "ትነሳለች ወይ?" ከማለታችሁ በፊት "ሙሉ ናት ወይ?" በሉ።

መጀመሪያ ለራሳችሁ መልስ ስጡ

ለምን ፈለጋችኋት? በአንድ መስመር ጻፉት። እኔ አዲስ ደብተር ገዝቼ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ምክንያቴን ሳልጽፍ ወደ ሻጭ አልሄድም።

የጻፋችሁት "ወደ ሥራ የምመላለስባት" ከሆነ ይቅርባችሁ። የምትሠራ፣ አዲስነት ያላት ግዙ። ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሞተር ሳይክል ከታደሰችም በኋላ እጅ ትፈልጋለች። የሲቢ350 የቫልቭ ክፍተት በመግቢያው 0.05፣ በመውጫው 0.10 ሚሊ ሜትር ነው። ይህንን በየጊዜው በስስ መለኪያ ትለካላችሁ። የእሳት ማቆራረጫውን ኮንታክት ትጠርጋላችሁ። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅሉትን ሁለቱን ካርቡሬተሮች እኩል እንዲስቡ ታስማማላችሁ። ለእኔ ይህ የሳምንቱ ምርጥ ሰዓት ነው። ጠዋት ተነስቶ ሥራ መድረስ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ግን መከራ ነው።

"አድሼ አተርፍባታለሁ" ብላችሁ ከሆነ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ባይሆን እመርጣለሁ። የቀለሙና የክሮሙ ወጪ ብቻ የመሸጫ ዋጋዋን ሊያልፍ ይችላል። ይህንን አስቀድሞ ማየት የሚችለው ሁለትና ሦስት ያደሰ ሰው ነው።

"ሙያውን መማር እፈልጋለሁ" ከሆነ ጥሩ ነው። አንድ ሲሊንደር ያላት፣ በአየር የምትቀዘቅዝ ፈልጉ። አንድ ካርቡሬተር፣ አንድ ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚለኩሰው)፣ ሁለት ቫልቭ። አንዷን ፈታችሁ ስትገጥሙ ሌላው ሁሉ እየገባችሁ ይሄዳል። አራት ካርቡሬተር ያላትን ለሁለተኛ ጊዜ አቆዩአት።

"አባቴ እንደሷ ያለች ነበረችው" ከሆነ ደግሞ ስለ ትርፍና ኪሳራ አልናገርም። ከታች ያለውን ምርመራ ግን አትዝለሉት። ናፍቆት ዓይንን ይጋርዳል።

ሳታዩአት በፊት የሚሠራ ሥራ

የሞዴሏን ስምና የተሠራችበትን ዓመት ካወቃችሁ ግማሹን መንገድ ቤት ቁጭ ብላችሁ ትጨርሳላችሁ። ጥያቄው መለዋወጫ አላት ወይ ነው። ብዙ የተሸጠ ሞዴል ብዙ መለዋወጫ አለው። የሆንዳ ሱፐር ከብ እ.ኤ.አ. በ1958 ወጥታ በ2017 ምርቷ 100 ሚሊዮን ደርሷል፤ ለእሷ የማይገኝ ነገር መፈለግ ራሱ ይከብዳል። ሲቢ350 ከ1968 እስከ 1973 ነው የተመረተችው፤ ነገር ግን በብዛት ስለተሸጠች ዛሬም ፒስተኗንም ጓርኒሲዮኗንም (በሞተሩ ክፍሎች መጋጠሚያ የሚገባውን ማሸጊያ) አዲስ የሚሠሩላት አሉ። በተቃራኒው የሱዙኪ አርኢ5ን አስቡ። ከ1974 እስከ 1976 ብቻ ነው የተሠራችው፤ ሞተሯም ፒስተን የሌለው፣ የሚሽከረከር ዓይነት ነው። ድንቅ ማሽን ናት። ለጀማሪ ግን አልመክራትም።

እኔ የምጠቀምበት ፈተና ይኸው። አምስት ዕቃ እፈልጋለሁ፦ የሞተር ጓርኒሲዮን ሙሉ ስብስብ፣ ልኩ ከፍ ያለ ፒስተን ከነቀለበቱ፣ የካርቡሬተር ጥገና ስብስብ፣ የፍሪሲዮን ገመድ፣ እና የግራ የጎን ክዳን። አራቱን መሸጫ ቦታ ካገኘሁላቸው ለማየት እሄዳለሁ። ሁለቱን ብቻ ካገኘሁ አልሄድም። የጎን ክዳኑን ሆን ብዬ ነው ያስገባሁት። ማንም ቸል የሚለው፣ ሲጠፋ ግን ወራት የሚያስፈልግ ዕቃ እሱ ነው።

በዚያው የጥገና መመሪያዋንና ዕቃዎቿ ተበታትነው የተሳሉበትን የመለዋወጫ መጽሐፍ ፈልጉ። ይህ ሁለተኛው ኋላ ዋና መሣሪያችሁ ይሆናል።

ከዚያ ሻጩን ደውሉለት። አንድ ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል፦ "ለምን ቆመች?" ብላችሁ ዝም በሉ፤ ይናገር። "ካርቡሬተር ብቻ ነው የሚጸዳላት" ካላችሁ፣ እሱ ለምን እንዳላጸዳው ጠይቁ። "ታመምኩ"፣ "ልጅ ወለድን"፣ "ሌላ ገዛሁ" የሚሉት መልሶች ደህና ናቸው። ሰውየው ትቷታል እንጂ ማሽኗ አልተወችውም። "ማርሽ ውስጥ የሆነ ድምፅ መጣ" ካለ ግን እውነቱን ስለነገራችሁ አመስግኑት፤ ወጪውንም በዚያው ልክ አስቡት። እንድትመጡ ከተስማማ ደግሞ አንድ ነገር ለምኑት፦ "እኛ ሳንደርስ እንዳታስነሳት።" ደርሳችሁ ሞተሩን በመዳፋችሁ ስትነኩት የሞቀ ከሆነ፣ በቀዝቃዛው የማትነሳ መሆኗን ሊደብቅ ፈልጎ ሊሆን ይችላል።

ወረቀትና ቁጥር

ከሁሉ በፊት ይህ ነው፤ ረጅም ወሬም የለውም። የሻሲው ቁጥር በአብዛኞቹ ላይ መሪው የሚዞርበት የሻሲ አንገት ላይ ተመትቶ ይገኛል። በጨርቅ ጥረጉትና ከሊብሬው ጋር በፊደል በፊደሉ አመሳክሩ። የተፋቀ፣ ደግሞ የተመታ ወይም በወፍራም ቀለም የተሸፈነ ከሆነ ጉዳዩ እዚያው አለቀ፤ በነፃም ብትሰጣችሁ አትውሰዷት።

የሞተሩን ቁጥር በተመለከተ አንድ ስህተት ላርም። በሆንዳዎቹ ላይ የሞተሩና የሻሲው ቁጥር አንድ ዓይነት አይደለም፤ ከፋብሪካ ሲወጣም አንድ አልነበረም። በእንግሊዞቹ የ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ትራይምፍ ላይ ግን ሁለቱ አንድ መሆን አለባቸው። የያዛችሁትን ሞዴል ልማድ ሳታውቁ ሻጭን ሌባ አታድርጉ።

ወረቀቷ ከጠፋ፣ ወይም ለዓመታት ግብር ሳይከፈልባት የቆየች ከሆነ፣ እንደገና ሰሌዳ ማግኘት ትችል እንደሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። ከገዙ በኋላ መጠየቅ ዋጋ የለውም።

ይዛችሁ የምትሄዱት

የእጅ ባትሪ፣ በስስ ጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት፣ የካንዴላ መፍቻ፣ ትንሽ መስታወት፣ ጥቂት የሞተር ዘይት በትንሽ ጠርሙስ፣ የኮምፕረሽን (የሲሊንደር ግፊት) መለኪያ ካላችሁ እሱንም፣ ደብተርና ስልክ። በቀን ብርሃን ሂዱ። ዝናብ ያረጠባት ሞተር ሳይክል ቀለሟ ሁሉ ያማረ ይመስላል፤ ስለዚህ ዘንቦ ከሆነ ጠርጋችሁ ጠብቁ።

ሙሉነቷን መቁጠር

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው የእግር ማስነሻውን መርገጥ ነው። እኔ መጨረሻ ላይ ነው የማደርገው። መጀመሪያ የመለዋወጫ መጽሐፉን ሥዕል በስልኬ እከፍትና ከፊት ወደ ኋላ እየሄድኩ አንድ በአንድ አመሳክራለሁ። ያለውን ምልክት አደርጋለሁ። የሌለውን አከብበዋለሁ። አርባ ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ሻጩ ትዕግሥቱ ካለቀ ዝም ብላችሁ ቀጥሉ፤ ለጥያቄው ግን በትህትና መልሱ።

ዕቃ ሁሉ እኩል አይመዝንም። ፒስተን፣ ኩሽኔታ፣ የፍሪሲዮን ሳህን፣ ኬብል፦ እነዚህ ቢጎድሉም ቢሰበሩም ብዙ አያስጨንቁኝም፤ ይመረታሉ። የሚያስጨንቁኝ በዓይን የሚታዩትና በዚያች ሞዴል በዚያች ዓመት ብቻ የተሠሩት ናቸው። የታንክ ዓርማ። የጎን ክዳን። የፍጥነት መለኪያው ከነመስታወቱ። የመብራቱ ቤት። የኋላ ጭቃ መከላከያ። ኦሪጅናል ማርሚታ (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ደግሞ ከሁሉም ይከፋል። የሲቢ350 ማርሚታ በግራና በቀኝ ሁለት ነው፤ ከውስጥ ወደ ውጪ ነው የሚዝገው። ስለዚህ ከሥር በጣታችሁ ጫን ጫን አድርጉት። ከላይ ያበራል፤ ከታች እንደ ብስኩት የሚፈረፈር ታገኛላችሁ።

በእኔዋ ላይ ያከበብኩት አራት ነገር ነበር፦ የቀኝ መስታወት፣ አንዱ የአየር ማጣሪያ፣ የመሣሪያ ቦርሳዋ፣ እና አንድ የጎን ክዳን ማሰሪያ። ባለቤቷ ትልቅ ሰው ናቸው። "አባባ፣ ከሷ ጋር የነበረ ሌላ ዕቃ የትም ቦታ አልቀረም?" አልኳቸው። "ቆይ እስቲ ልጄ" ብለው ገቡና አንድ የዛገ የወተት ጣሳ ይዘው ወጡ። መስታወቱ ውስጡ አለ። ማሰሪያውም አለ። ከፋብሪካ የመጣ መመሪያዋ በላስቲክ ተጠቅልሎ አለ። ይህንን ጥያቄ ሁልጊዜ ጠይቁ። ሰዎች የማይጠቅም የሚመስላቸውን ዕቃ ሞተር ሳይክሏ አጠገብ አያስቀምጡትም፤ አይጥሉትምም።

ተፈትታ በካርቶን የቀረበችላችሁን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አትግዙ። አንዷን ገዝቼ አውቃለሁ። የጎደለውን መቁጠር የምትችሉት ያለው ሲገጠም ብቻ ነው። የፈታው ሌላ፣ የሚገጥመው ሌላ ሲሆን ደግሞ የትኛው ብሎን የየት እንደሆነ የሚናገር የለም።

ሻሲውና ታንኩ

ከኋላዋ አምስት እርምጃ ራቁና ቁጭ በሉ። ሁለቱ ጎማዎች በአንድ መስመር ናቸው? መሪው ቀጥ ሲል ጎማውም ቀጥ ይላል? ቀጥሎ ከመሪው አንገት ሥር ያሉትን ቧንቧዎች በባትሪ እዩ። የተጨማደደ ቀለም ወይም ትንሽ የተጎነበሰ ቧንቧ የግጭት ምልክት ነው። ከባትሪው ማስቀመጫ ሥርም እዩ፤ የፈሰሰ አሲድ ሻሲውን እዚያ ይበላዋል። ላይ ላዩን ያለ ዝገት ይጠረጋል። በካቻቢቴ ጫፍ ስትነኩት የሚገባ ዝገት ግን ሌላ ነው። የተጣመመ ሻሲ ካየሁ እተዋለሁ፤ በዚህ አልደራደርም።

ታንኩን ክፈቱና አሽቱ። ያረጀ ቤንዚን እንደ ቫርኒሽ ይሸታል። ባትሪ አብሩበት። ቡናማ ዱቄት የመሰለ ስስ ዝገት በሲትሪክ አሲድ ይወጣል፤ እኔ ሁለት ሌሊት አሳድሬ፣ በሶዳ ውኃ አጥቤ፣ ወዲያው አድርቄ ዘይት ቀባሁት። በቅርፊት በቅርፊት የሚነሳ ከሆነ ግን ከሥሩ ቀዳዳ ይጠብቃችኋል። ውኃ የሚጠራቀመው በታችኛው የኋላ ጥግ ነው፤ መስታወታችሁን እዚያ አስገቡ። ማግኔቱን ደግሞ በታንኩ ላይ ሁሉ አዙሩት። የማይዝበት ቦታ ካለ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ ተሞልቷል ማለት ነው።

ሞተሩ ከተጣበቀ

አሁን ወደ ሞተሩ እንምጣ። መጣበቅ የሞት ፍርድ አይደለም። ግን የት እንደተጣበቀ ማወቅ ያስፈልጋል።

ካንዴላዎቹን ፍቱና በባትሪ ወደ ሲሊንደሩ ውስጥ እዩ። በሲቢ350 ሁለቱ ፒስተኖች ተቃራኒ ናቸው፤ አንዱ ላይ ሲሆን ሌላው ታች ነው። ስለዚህ በቆመችበት ቅጽበት የአንዱ ሲሊንደር ቫልቭ ክፍት ሆኖ ሊቀር ይችላል። በዚያ በኩል የእርጥበት አየር ለዓመታት ይገባል፤ የፒስተን ቀለበቱ ከሲሊንደሩ ጋር በዝገት ይያያዛል። የእኔዋ የተጣበቀችው በግራ ብቻ ነበር። የቀኙ ሲሊንደር ግድግዳ ሲታይ እንደ መስታወት ነው። ይህንን ሳይ ልቤ ተረጋጋ። በውኃና በጊዜ የመጣ መጣበቅ ነው እንጂ በዘይት እጦት እየነደደ የመጣ አይደለም። ሁለተኛው ዓይነት ቢሆን ኖሮ ቢየላውንም (ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ) ክራንክ ሻፍቱንም (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ይዞ ይሄድ ነበር።

ሻጩ ቤት ሆናችሁ በኃይል ለማላቀቅ አትሞክሩ። የእግር ማስነሻው ላይ አትዝለሉ። የማስነሻው ጥርስ ይሰበርና ከአንድ ችግር ሁለት ታደርጉታላችሁ። ቤቴ ካመጣኋት በኋላ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል በእኩል ቀላቅዬ በካንዴላው ቀዳዳ አፈሰስኩ። አሴቶን እሳት ይወዳል፤ ደጅ፣ ከእሳት ርቃችሁ ሥሩ። በየቀኑ ጥቂት እየጨመርኩ፣ ከፍተኛውን ማርሽ አስገብቼ የኋላ ጎማውን ወደፊትና ወደኋላ ቀስ ብዬ ወዘወዝኩ። በዘጠነኛው ቀን የጣት ውፍረት ያህል ተንቀሳቀሰ። ኋላ ሲፈታ ሲሊንደሩ ላይ ጥፍር የሚይዝ የዝገት ቀለበት ተገኘ። ሲሊንደሮቹን ቶርኖ ቤት አስፍቼ 0.50 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ፒስተን አስገባሁ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ወንድሜ "አልቆላታል" ያለው በዚህ ምክንያት ነበር። ከጠቅላላ ወጪዬ ውስጥ ግን የሞተሩ ሥራ ከሩብ ያነሰ ነው። ክሮሙ፣ ቀለሙ፣ መቀመጫውና ማርሚታው አንድ ላይ የሞተሩን ሦስት እጥፍ ወስደዋል። የተጣበቀ ሞተር ዋጋዋን ያወርዳል፤ ሌላ ገዢን ያስፈራል። የጎደለ ነገር ከሌላት ይህ ለእናንተ ዕድል ነው።

ሞተሩ ከዞረ

በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት አድርጉና በቀስታ አዙሩት። ካዞራችሁት በኋላ የኮምፕረሽን መለኪያውን ግጠሙ፤ ጋዙን ሙሉ ከፍታችሁ ደጋግማችሁ ርገጡ። ሲቢ350 ደህና ስትሆን ወደ 170 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ትሰጣለች። ቆማ የከረመች በመጀመሪያው ቀን ያንን ባትሰጥ አይግረማችሁ። ዋናው የሁለቱ ሲሊንደሮች ልዩነት ነው። አንዱ በጣም ከወረደ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምሩበትና ደግማችሁ ለኩ። ቁጥሩ ከወጣ ችግሩ የፒስተን ቀለበት ነው። ካልወጣ ቫልቭ ወይም የቴስታታው (የሲሊንደሩ ራስ) ጓርኒሲዮን ነው። መጀመሪያ ያደረጋችሁት ዘይትም ንባቡን ትንሽ ከፍ እንደሚያደርገው አትርሱ።

የዘይቱን መለኪያ አውጡ። እንደ ወተት የነጣ ዘይት ውኃ ገብቶበታል። በባትሪ ብርሃን የሚያብለጨልጭ ደቃቅ ብረት ካለው ደግሞ ውስጥ የሚፋቅ ነገር አለ። በሲቢ350 ላይ የቫልቭ ክዳኖቹን ከፍቼ የካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ሁኔታ ሳላይ አልወጣም። ካምሻፍቱ ኩሽኔታ የለውም፤ በቀጥታ በአሉሚኒየም ክዳኖቹ ውስጥ ነው የሚሽከረከረው። ዘይት ያጣ እንደሆነ ቦታውን ፋቅ ያደርገዋል።

ሁለት ስትሮክ ከሆነች ሌላ ነገር አስቡ። በእነሱ የክራንክ ሻፍቱ ቤት ራሱ አየርና ቤንዚን የሚገፋ ፓምፕ ነው። በሁለቱ ጫፍ ያሉት የዘይት ማገጃ ጎማዎች በመቆም ብዛት ይደርቃሉ። በዚያ በኩል ተጨማሪ አየር ይስባል፤ ቤንዚኑ ይሳሳል፤ ፒስተኑ ይበሳል። ስለዚህ "አሪፍ ትነሳለች" ብትባሉም የእነዚህን ጎማዎች ቅያሬ በሂሳቡ ውስጥ አስገቡ።

ስለ አዲስ ቀለም

ኤክስቲ500ዋን ቃል በገባሁት መሠረት ላውጋችሁ። ከልጅነቴ የምመኛት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1979 ሲሪል ኔቩ የመጀመሪያውን የፓሪስ ዳካር ውድድር ያሸነፈው በእሷ ነው። ያቺን አዲስ የተቀባች አንድ ግለሰብ ሲሸጣት ሳይ ጥያቄ መጠየቅ አቃተኝ።

የኤክስቲ500 የሞተር ዘይት የሚቀመጠው በሻሲው ቧንቧ ውስጥ ነው። የተለየ የዘይት ታንክ የላትም። ሻሲዋን የቀባው ሰው የድሮውን ቀለም ያነሳው በአየር ግፊት በሚረጭ አሸዋ ነበር። ቀዳዳዎቹን በደንብ አልደፈናቸውም። ደቃቁ አሸዋ ቧንቧው ውስጥ ቀረ፤ ዘይት ሲሞላ ከዘይቱ ጋር ዞረ። ከወንፊቱ ያለፈው ሞተሩን በሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ጨረሰው። ስፈታው የዘይት ፓምፑ ውስጥ በጣቴ የሚሻክር አሸዋ አገኘሁ። ያን ቀን ጋራዡን ዘግቼ ገባሁ፤ ለአንድ ወር አልከፈትኩትም።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ቀለም ሳይ ጥያቄዬ ይበዛል። ማን ቀባው? ከመቀባቱ በፊት ፎቶ አለ? ሞተሩ ወርዶ ነበር? ኩሽኔታዎቹ ተነቅለው ነበር? ሥራውን በትክክል የሠራ ሰው እነዚህን በደስታ ይመልሳል፤ ፎቶውንም ያሳያችኋል። ቆሻሻዋን ይዛ የቆመች ሞተር ሳይክል ቢያንስ ምንም አትደብቅም። ዘይት የፈሰሰበት የት እንደሆነ አቧራው ይነግራችኋል።

ለኤሌክትሪክ ሽቦዎቿም እንዲሁ ነው። የደረቀና የቆሸሸ ግን ያልተነካ ሽቦ፣ እየተቆረጠ በፕላስተር ከተቀጠለ ሽቦ መቶ ጊዜ ይሻላል። የመጀመሪያው በጥገና መመሪያው ካለው የሽቦ ሥዕል ጋር ይመሳከራል፤ ሁለተኛውን የቀጠለው ሰው ብቻ ያውቀዋል።

የማይቀሩ ወጪዎች

ጎማ፣ ከመነዳሪ፣ ባትሪ፣ የፍሬን ሸራ፣ ኬብሎች፣ ሰንሰለት፣ የቤንዚን ቱቦዎች፣ የፊት አሞርዛተር ማገጃ ጎማዎች። በእነዚህ ላይ ጊዜ አታጥፉ፤ ሁሉም ይቀየራሉ ብላችሁ ያዙ። ጎማው ጥሩ ጥርስ ቢኖረው እንኳ ጎኑ ላይ ያለውን የምርት ቁጥር እዩ። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ አራት አሃዝ ነው፤ 2314 ማለት የ2014 ሃያ ሦስተኛ ሳምንት ነው። ሦስት አሃዝ ብቻ ካገኛችሁ ጎማው ከ2000 በፊት የተሠራ ነው፤ አትንዱበት። ካርቡሬተሩም ይፈታል። የዝግታ ጅክለሩ (ቤንዚን የሚያልፍበት ትንሽ ቁራጭ) ቀዳዳ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ ስለሆነ የደረቀ ቤንዚን በቀላሉ ይደፍነዋል።

ሂሳቡና ውሳኔው

ደብተሩን ሦስት ቦታ ክፈሉት፦ እርግጠኛ፣ ሳይሆን አይቀርም፣ ምናልባት። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሙሉ በሙሉ፣ ሦስተኛውን በግማሽ ደምሩ። በድምሩ ላይ አንድ ሦስተኛ ጨምሩበት። እኔ ይህንን ጭማሪ በሲቢ350 ላይ አድርጌ እንኳ በጥቂቱ አልፌዋለሁ። የከፈልኩት የግዢ ዋጋ ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ ነበር። ስለዚህ በግዢው ጊዜ "ርካሽ ናት" የሚለው ቃል ብዙ አያታልላችሁ። ትንሽ ጨምራችሁ ሙሉዋን መግዛት ኋላ ብዙ ያተርፋል።

ጊዜም ሂሳብ ነው። ቅዳሜና እሁድ እየሠራሁ አሥራ አራት ወር ፈጀብኝ። ጣሪያ ያለው፣ የሚቆለፍ፣ ዕቃ ተፈትቶ ለወራት ሳይነካ የሚቀመጥበት ቦታ ከሌላችሁ፣ ያንን ሳታገኙ አትግዙ። ብዙ ሞተር ሳይክሎች ለሁለተኛ ጊዜ የሚሞቱት በዚህ ነው፤ ተፈትተው ቦታ ሲያጡ።

አይታችሁ የዚያኑ ቀን ገንዘብ አትስጡ። ቤታችሁ ግቡ፣ ፎቶዎቹን እዩ፣ ያከበባችኋቸውን ዕቃዎች ፈልጉ። እኔ በዚያ ሳምንት ውስጥ ሁለት ቀን ሙሉ የአየር ማጣሪያውን ብቻ ፈለግኩ። ሳገኘው ደወልኩላቸው። ስትደራደሩ ደግሞ ዕቃውን አታንቋሽሹ፤ በተለይ ባለቤቱ የነዳት ሰው ከሆነ። ዝርዝሩን አሳዩትና "ይህንን ይህንን አገኘሁባት፣ አቅሜ ይኼ ነው" በሉ። አባባ ዝርዝሬን መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት፤ ከጠየቁት ላይም ራሳቸው ቀነሱልኝ።

ገዝታችሁ ስታመጧት በመጀመሪያው ምሽት ምንም አትፍቱ። ያረጀውን ቤንዚን አውጡ፣ በሲሊንደሮቹ ውስጥ ዘይት አድርጉ፣ ከሁሉም አቅጣጫ ፎቶ አንሱ። ትንንሽ ከረጢቶችና መጻፊያ አዘጋጁ። አንድ ነገር ደግሞ ቀድማችሁ ግዙ፤ የጃፓን ሞተር ሳይክል ከሆነች የጃፓን ልክ የሆነ የመስቀል ካቻቢቴ። ብሎኖቿ ተራ የመስቀል ብሎን ይመስላሉ እንጂ አይደሉም፤ ብዙዎቹ ራሳቸው ላይ ትንሽ ነጥብ አለባቸው። ተራው ካቻቢቴ ጥልቀት ስለማይገባ እየሾለከ ራሳቸውን ይበላዋል። ሃምሳ ዓመት ሳይነኩ የቆዩ ብሎኖች ናቸው። ካቻቢቴውን አስገቡ፣ ከኋላው በመዶሻ አንድ ጊዜ መታ አድርጉት፣ ከዚያ አዙሩ።